ጨረሩን በግራ እጃቸው ይቀምሱ የነበሩት የድሬሰር ደርበው ታፈረ የሕይወት ታሪክ

ድሬሰር ደርበው ታፈረ በወሎ ክፍለ ሀገር በላስታ አውራጃ፣ ከሙጃ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ታፈረ አለሜና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገለቴ ውባንተ በ1930 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ጠላ ጠምቀው በሙጃ ገበያ ይሸጡ ነበር። በአባትም በእናትም ወገን ዘራቸው የታወቀ ነው፤ የሚጠረጥር ሰው ካለ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠርና ይምጣ።

እንዲህ ያለ ቃል የሕይወት ታሪክ መጀመሪያ ላይ እንደማይጻፍ እናውቃለን። የተጻፈው በምክንያት ነው። ድሬሰር ደርበው ከማረፋቸው በፊት የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተቆርጠው ነበር። ይህን ያየ ሰው በላሊበላም በሙጃም «ሥጋ ደዌ ነው፤ በዘር የሚሄድ ነው» እያለ ሲያወራ ከረመ። ሌላው ደግሞ «ሚስቱ አንድ ነገር አብልታው ነው» አለ። ልጃቸው ሸጌ ታጭታለች። የእጮኛዋ አባት አቶ ጋሻዬ ከሙጃ መጥተው ዛሬ እዚህ መካከላችን ቆመዋል። ለጥሎሹ ቀን ተቆርጦ ሳለ ይህንን ወሬ ሰሙና «እስኪ ትንሽ እንቆይ» አሉ። ስለዚህ ይህ ታሪክ የተጻፈው ሟቹን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ያ እጅ ምን እንደነካው ሰው ሁሉ በአደባባይ እንዲሰማው ነው። የጻፈችው ታናሽ እኅታቸው ስሜነሽ ታፈረ ናት። በመሠረተ ትምህርት የተማረች ስለሆነች የፊደል ግድፈት ቢኖር አንባቢው እያቃና ያንብብ፤ ነገሩን ግን አያቃና።

ድሬሰር ደርበው በልጅነታቸው በይምርሐነ ክርስቶስ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከትምህርት ሲመለሱ እናታቸውን ጠላ በመቅዳት ያግዙ ነበር። እንደ አገሩ ደንብ፣ እንግዳ ፊት ሲቀዱ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሱና ከዚያ በኋላ ነበር የሚያቀርቡት። መርዝ የለበትም ማለት ነው። ያልቀመሰ ቀጂ ጠላው ቢጣፍጥም አይታመንም።

በኋላም በላሊበላና በወልድያ ዘመናዊ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1952 ዓ.ም. ደሴ ወርደው በድሬሰርነት፣ ማለት በሐኪም ረዳትነት፣ ሠለጠኑ። በ1955 ዓ.ም. በላሊበላ በአንድ ክሊኒክ ተቀጠሩ። በ1958 ዓ.ም. ከወይዘሮ አገሬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ልጆች አፈሩ። የመጀመሪያው አለሜ በ1959፣ ሁለተኛዋ ሸጌ በ1963 ዓ.ም. ተወለዱ። የሸጌን ዓመተ ምሕረት ልብ በሉት፤ ኋላ ይፈለጋል።

በ1967 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ዕርዳታ ሰጪ ለክሊኒኩ ያገለገለ የራጅ ማሽን ላከ። ራጅ የሰውን ውስጥ ሳይከፍቱ በጨረር የሚያዩበት መሣሪያ ነው። ስሜነሽ ያን ጊዜ «ደኅና ነገር ቢሆን ለምን ይሰጡናል? እነሱው ጋ በተቀመጠ» ብላ ነበር። ይህንን ቃሏን እስከ ዛሬ አልተወችም። ማሽኑ እስከ ጋሸና በጭነት መኪና መጣ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር ሰው እንደ ታቦት ተሸክሞ አስገባው። ድሬሰር ደርበው ደሴ ለአጭር ጊዜ ሠለጠኑና የማሽኑ ኃላፊ ሆኑ።

ሥራ የጀመሩ ዕለት ግን አንድም ሰው አልገባላቸውም። ያ ጊዜ መንግሥት የተለወጠበት፣ ሰው ጎረቤቱን እንኳ በቅጡ የማያምንበት ጊዜ ነው። ጄኔሬተሩ ሲጮኽ ሕዝቡ ከደጅ ቆሞ ይሰማል። አንዱ «ደም ይመጥጣል» ይላል። ሌላው «ነፍስን ፎቶ አንሥቶ ወደ ውጭ አገር ይልካል» ይላል። ከሰው ሁሉ ቀድመው የገቡት እናታቸው ወይዘሮ ገለቴ ናቸው። ደረቅ ሳል ይዟቸው ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ ከማሽኑ ፊት ሲደርሱ ቆም አሉና፣

«አንተ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ነው ያሳደግሁህ? ሳትቀምስ ለሰው ታቀርባለህ?» አሏቸው።

ድሬሰር ደርበው ሳቁ። ቀኝ እጃቸው ማብሪያውን ስለያዘ፣ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በማሽኑና ምስሉ በሚታይበት መስተዋት መካከል አስገቡት። በጨለማው ውስጥ መስተዋቱ አረንጓዴ ብርሃን አበራና የእጃቸው አጥንት አንድ በአንድ ታየ።

«ኧረ በስመ አብ! ልጄ ቆሞ እያለ አጽሙን አየሁት!» አሉ እናታቸው። አማተቡና ገብተው ቆሙ። ሲወጡ ደጅ ለቆመው ሰው «ግቡ፣ ምንም የለበትም። ልጄ ቀምሶታል» አሏቸው።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እስኪ ቅመሱልን» የማይል በሽተኛ አልነበረም። ባል ሲቀመስለት አይታ ሚስት ለራሷ ደግሞ ይቀመስልኝ ትላለች። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ አንድ ቀን ጠመንጃ አስይዞ መጣና፣

«ጓድ ደርበው፣ ይህ የመገናኛ ሬዲዮ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» አላቸው።

«እጅዎን ያስገቡና ይዩት።»

«የእኔ እጅ ለአብዮቱ ይፈለጋል፤ የአንተን አስገባ።»

አስገቡ። አጥንታቸውን አየና «ቀጥል» ብሎ ሄደ።

ከማሽኑ ጋር ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥና የእርሳስ ጓንት መጥቶ ነበር። ጓንቱን አጥልቀው የቀመሱ ዕለት ሰልፍ የቆመው ሰው ተበተነ። «ለእኔ ባዶ ገላ፣ ለእሱ ጓንት? አንድ ነገርማ አለው» አሉ። ስለዚህ ጓንቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከዚያም በጨለማው ክፍል ፊልሙን በሁለት ገበቴ መድኃኒት ውስጥ ሲያጥቡ መቆንጠጫው ተሰብሮ ስለነበር በጣታቸው ነበር የሚያገላብጡት። ጥፍራቸው እንደ ትንባሆ አጫሽ ጥፍር ቡናማ ሆኖ ነበር። ወይዘሮ አገሬ በየጊዜው «ይህ የምትሸተው ነገር ምንድነው?» ይሏቸው ነበር። «ደመወዜ ነው» ይሉ ነበር እሳቸው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ሲሰደድ የሳንባ ነቀርሳ በዛ። በጋሸና ሻይ ቤት የነበራት ወይዘሮ ኸዲጃ የሚያስል ልጇን አዝላ መጣች። እሷም ዛሬ እዚህ አለች፤ ያለችውን ራሷ ትመስክር።

«ወላሂ ብቻውን እዚያ ጨለማ አላስገባውም!» አለች።

«እኔ ይዤው እቆማለሁ እኅቴ። አንቺ ይህንን ሽርጥ ልበሺና አጠገቤ ሁኚ።»

«ኧረ ይህ ምንድነው! ሽርጥ ብለህ ድንጋይ አሸከምከኝ እኮ!»

ሕፃኑ እንዳይንፈራገጥ ደረቱን በግራ እጃቸው ደግፈው ያዙት። ራጁ ወጣ፣ ሕመሙ ታወቀ፣ መድኃኒት ተሰጠውና ዳነ። በዚያ ዓመት እንዲህ ተይዞ ራጅ ያልተነሣ ሕፃን አልነበረም። እናቶቹ ሽርጡን፣ እሳቸው ሕፃኑን። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ራጁ ራሱ መድኃኒት መስሎት እንደ ጠበል ሰባት ቀን ልቁምለት ብሎ ይመጣ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጄኔሬተሩን ብቻ አስነሥተው ጨረሩን ሳይከፍቱ ያቆሙትና «ይማርህ» ብለው ይሸኙት ነበር። ሰውየው ተሽሎት ይሄዳል። ይህንን የተናገሩት ከታመሙ በኋላ ነው፤ ያኔ እየሣቁ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ልጃቸው አለሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። በዚያው ዓመት የግራ እጃቸው ቆዳ መድረቅ ጀመረ። ጥፍራቸው ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ወጣባቸው። ወይዘሮ አገሬ ቅቤ ቀቡት፣ ጠበልም ተረጨበት፣ አልተወም። በ1979 ዓ.ም. ቆሰለ። ቁስሉ የሚድን ይመስልና መልሶ ይከፈታል። በ1980 ዓ.ም. ደሴ ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ ያ ወሬም ያን ጊዜ ተነሣ። ከዚያ በብብታቸው እብጠት ወጣ። በ1981 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ስሜነሽ ይዛቸው አዲስ አበባ ሄደች።

ስሜነሽ ማንንም ሳትጠረጥር አልሄደችም። ማሽኑን የላኩትን ጠረጠረች፤ ቀበሌውን ጠረጠረች፤ «ቆርጠው ቆርጠው ሲያቅታቸው ሌላ ጋ ይልኩናል» ብላ ሐኪሞቹንም ጠረጠረች። በሆስፒታሉ ኮሪደር እንዝርቷን ይዛ እየፈተለች አላፊ አግዳሚውን «ወንድሜን ምን ነካው?» ትል ነበር። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አጠገቧ ቁጭ አለ። ያለውን እዚህ የጻፍነው እሷ እንደሰማችው ነው።

ከጭኗ ላይ ድርቡን ክር አነሣና «እትዬ፣ ይህ ሁለት ሆኖ የከረረ ነው አይደል?» አላት።

«ነዋ። ዓይን የለህም?»

«የሰው ገላ ሁሉ ሴል ከሚባል በዓይን ከማይታይ ደቃቅ ነገር የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ እንዲህ ሁለት ሆኖ የከረረ ክር አለ። ዲ ኤን ኤ እንለዋለን። ቆዳው ቆዳ፣ ጉበቱ ጉበት የሚሆነው በዚህ ክር ነው። ጨረር ይህንን ክር ይበጥሰዋል። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ እንደ ሙጫ ይጣበቅበታል። የወንድምዎን እጅ ጨረሩ እንደጎዳው እርግጠኛ ነኝ። የፊልም ማጠቢያው ግን ሳያግዘው አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ እንጂ አላውቅም።»

ስሜነሽ የሚጠረጥር ሐኪም ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚህ በኋላ ጆሮዋን ሰጠችው።

«ክር ሲበጠስብዎ እንዝርቱን ማሾር ይቀጥላሉ?»

«አብጃለሁ? አቁሜ ጫፉን እፈልጋለሁ እንጂ።»

«ሴሉም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ መባዛቱን ያቆማል። ከዚያ ይጠግናል። የተበጠሰው አንዱ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን እያየ የጎደለውን ይሞላል። የተጣበቀበትም ነገር ካለ ያንን ቦታ ቆርጦ አውጥቶ ይተካዋል። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሱ ግን የሚያየው የለውም። አንዳንዴ የማይገናኙ ጫፎችን ይቋጥራል።»

«ካቃተውስ?»

«ካቃተው ራሱን ይገድላል።»

«ምን አልክ? ወንድሜ ክርስቲያን ነው!» ብላ ጮኸችበት፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየ።

«ሴሉ ነው እትዬ፣ እሳቸው አይደሉም። ለሌላው እንዳይተርፍ ብሎ ብቻውን ይሞታል።»

«እሱስ ደግ ነው።»

«ችግሩ ሳይጠገንም ሳይሞትም የቀረው ነው። ከነብልሽቱ ይባዛል። ካንሰር የምንለው እሱ ነው።»

ስሜነሽ ግን በዋዛ አልለቀቀችውም። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እጁን ሲያስገባ ለምን ያኔ አልታመመም?» አለችው።

«ሲበጠስ ሲጠገን፣ ሲበጠስ ሲጠገን ነበር። ጥገናው ሳያልቅ ሌላ ጨረር ይደርስበታል። ከብዙ ጥገና አንዱ ይሳሳታል። የተሳሳተው ደግሞ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ከሰላሞቹ ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል።»

«እንደ ጆሮ ጠቢ» አለች።

ሐኪሙ ወደ በሩ አየና «እኔ እንደሱ አላልኩም» አለ።

ራጅ የተነሣችሁ ሰዎች አትደንግጡ። ስለዚህም ጠይቃላችኋለች። አንድ ሁለቴ የተነሣ ሰው የሚደርስበት ትንሽ ነው፣ ገላው ይጠግነዋል ብሏታል። ድሬሰር ደርበው ግን ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጊዜ ቀምሰዋል። የሁላችሁም በአንድ እጅ ላይ ተጠራቀመ።

በመጨረሻ የመጣችበትን ጠየቀችው። «ለልጅ ይተላለፋል?»

«የእጅ ቆዳ ላይ የደረሰ ብልሽት ለልጅ አይሄድም። ልጅ የሚወለደው ከእጅ ቆዳ አይደለም።»

«እናቴ ትሙት በል።»

«እትዬ፣ ሐኪም እንዲህ አይምልም…»

«በል!»

«እናቴ ትሙት።»

«አሁን ገባኝ» አለች።

እንዲያም ሆኖ በመንገድ ስትመለስ ሌላ ጥርጣሬ ያዛት። ጨረሩ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ሌላ ገላቸውንስ ነክቶ እንደሆነ? ይህን የምትጠይቀው ሐኪም አጠገቧ አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ራሷ አሰበችው። ሸጌ የተወለደችው በ1963 ነው። ማሽኑ ጋሸና የደረሰው በ1967 ነው። ገና አገራችን ያልገባ ጨረር ቀድማ የተወለደችን ልጅ ሊነካ አይችልም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የሸጌን ክርስትና የበላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሥጋ ደዌ ነው ለምትሉም መልስ አለ። ሥጋ ደዌ የያዘው እጅ ፍም ቢነካው አይሰማውም፤ ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አይታችኋል። የድሬሰር ደርበው እጅ ዝንብ ሲያርፍበት ያስጮኻቸው ነበር። ጎረቤት ሰምቷል። «ሚስቱ አብልታው ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ ወይዘሮ አገሬ ያንን ቁስል ሁለት ዓመት ሙሉ በፈላ ውኃና በጨው አጥበዋል፤ ከአንድ ገበታ ላይ በልተዋል። እሳቸው እነሆ በጤናቸው ቆመዋል። መርዝ ባልን ለይቶ የሚገድል ከሆነ የምታውቁት ሰዎች ንገሩን።

ድሬሰር ደርበው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ በሽታው ሳንባቸው ገብቶ ነበር። በአልጋቸው ላይ ሳሉ እኅታቸው ስታስታምማቸው ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

«ጓንቱን ሲሰጡኝ ነግረውኝ ነበር። ይህን ያህል ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«ታዲያ ለምን አላጠለቅኸውም?»

«ጓንት ያጠለቀ እጅ ማን ያምናል፣ ስሜ?»

ወሬውም ደርሷቸው ነበር። ሸጌ ሰምታ ስታለቅስ ጠሯትና «ተያቸው ልጄ፣ ይጠርጥሩ። እኔንም መጀመሪያ ጠርጥረው ነው ያመኑኝ» አሏት። ስሜነሽ በዚህ ቃል አልተስማማችም፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነው የተናገሩት።

ድሬሰር ደርበው ታፈረ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ንስሐ ገብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ በቤታቸው በላሊበላ ዐረፉ። የተዉአቸው፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ አገሬ፤ ልጃቸው ሸጌ፤ ልጃቸው አለሜ፣ ከሄደ ጀምሮ ወሬው ባይሰማም መሞቱን ማንም ስላልነገረን ከቆሙት ጋር ቆጥረነዋል፤ እኅታቸው ስሜነሽ። በእጃቸው ተደግፈው ራጅ የተነሡና ዛሬ ትልልቅ የሆኑ ልጆችም አሉ፤ ወይዘሮ ኸዲጃ የራሷን ይዛ መጥታለች።

የአማቾቻችንን ስም እዚህ ላይ እንጻፍ አንጻፍ ብለን ተቸግረናል። አቶ ጋሻዬ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሙጃ ሲገቡ ከድንኳኑ ዳር ቆመው አለቀሱ እንጂ ወደ አስከሬኑ አልቀረቡም። ስሜነሽ «ግቡ እንጂ» ብትላቸው፣ «እኅቴ፣ ነገ ይነበብና ልስማው። ሰው ፊት ልስማው» አሏት። ትክክል ብለዋል። ልጁ ልጃቸው ነው፤ መጠየቅ መብታቸው ነው። እነሆ፣ ከዚህ የበለጠ የምናውቀው የለም፤ የደበቅነውም የለም።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ማንም ማንንም በማይጠረጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አለሜን ከነሕይወቱ ይመልስልን። ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ፣ በደግ ያገናኘን።

አሁን አስከሬኑ ይነሣል። የዕድራችን የቅሬው ሰዎች ቃሬዛውን ለመያዝ ቦታ ቦታችሁን ታውቃላችሁ። ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ሸክም ግን በቤተሰቡ ፈቃድ ለአቶ ጋሻዬ ተትቷል። ማንም አይጥራቸው፣ ማንም አይጎትታቸው፣ ማንም ወደሳቸው አይመልከት። ከያዙ ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ካልያዙ ቂም የለንም፤ በሰላም ሙጃ ይግቡ። ምክንያቱን ግን የራሳቸው ያድርጉት፤ የደርበውን እጅ ምክንያት አያድርጉት።

አንባቢው እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ዝም ይበል። ተሸካሚዎች ቅረቡ።